መስኮቶችን በኪቦርድ ብቻ፤ ለጽሕፈት ሠራተኞች

ሐዋሳ ውስጥ የጽሕፈትና የኅትመት ሥራ እሠራለሁ። አጠገቤ ሆነው ለሚለማመዱ ልጆች ከፍጥነት አስቀድሜ የማስተምራቸው እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ እንዳያነሡ ነው። እጅ ወደ ማውዝ ሲሄድ ዐይንም አብሮ ይሄዳል፤ የደረሱበት መስመር ይጠፋል። አንድ መስመር የተዘለለበት የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ ስሕተቱ የሚታየው ከታተመና ከተጠረዘ በኋላ ነው።

ደንበኛው በእጁ የጻፈውን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል። ፎቶውን ክፈቱና የዊንዶውስ ቁልፍን (የመስኮት ምልክት ያለበትን) ይዛችሁ የግራ ቀስትን ተጫኑ፤ የስክሪኑን ግራ ግማሽ ይይዛል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ሌሎቹ ክፍት መስኮቶች በቀኝ በኩል በትንንሹ ይደረደራሉ፤ በቀስት ዎርድን መርጣችሁ ኢንተርን ተጫኑ። ምንጩና የምትጽፉት ጎን ለጎን ሆኑ ማለት ነው። ስክሪኑን ለአራት መክፈልም ይቻላል፤ በላፕቶፕ ላይ ግን ፊደሉ ስለሚደቅ አልመክርም።

ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ኦልትን ይዛችሁ ታብን አንዴ ነክታችሁ ልቀቁ። መስኮቶቹ የሚሰለፉት በቅርብ በተጠቀማችሁባቸው ቅደም ተከተል ስለሆነ አንድ ንክኪ ወደ ቀዳሚው ይመልሳችኋል። ሦስተኛውን ስትፈልጉ ኦልትን ሳትለቁ ታብን ደጋግሙ፤ ካለፋችሁት ሺፍትን ጨምራችሁ ተመለሱ። ከመሻገራችሁ በፊት ሥራውን ለማስቀመጥ (ሴቭ ለማድረግ) ኮንትሮልና ኤስን መጫን ልማድ ይሁንባችሁ፤ መብራት ሳይነግር ይሄዳል።

ዎርድን፣ ኤክሴልንና ብራውዘሩን ከታች ባለው ታስክባር ላይ በዚሁ ተራ አስቀምጧቸው። ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፍና 1 ዎርድን፣ 2 ኤክሴልን፣ 3 ብራውዘሩን ያመጣል። ብዙ የዎርድ ሰነድ ከተከፈተ የዊንዶውስ ቁልፍን ሳትለቁ 1ን ደጋግሙ፤ በየተራ ያሳያችኋል።

አንዱን ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። እኛ ዘንድ የፍቺ አቤቱታ ይጻፋል፣ የውርስ ክርክር ይጻፋል። ይህ የሰው ገመና ነው። ሌላ ደንበኛ ከኋላችሁ ሲቆም የዊንዶውስ ቁልፍንና የዲ (D) ቁልፍን ተጫኑ፤ ሁሉም መስኮት ይሰወራል፣ ደግማችሁ ስትጫኑ ይመለሳል። ከወንበር ከተነሣችሁ ይህ አይበቃም፤ በዊንዶውስ ቁልፍና በኤል ኮምፒውተሩን ቆልፉት። የይለፍ ቃል ከሌለው ዛሬውኑ አውጡለት።

በየሆቴሉ አዳራሽ ስብሰባ ላይ ስላይድ ለምታሳዩ ደግሞ፦ የከፈታችሁት መስኮት ወደ ፕሮጀክተሩ ሄዶ በላፕቶፑ ላይ ካጣችሁት በኦልትና ታብ ምረጡት፤ ከዚያም የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ሺፍትንና የግራ ወይም የቀኝ ቀስትን አንድ ላይ ተጫኑ። ወደ ፊታችሁ ይመጣል።