ቤንዚን በጀሪካን ለምትይዙ፦ መጀመሪያ መሬት ላይ አውርዱት

ከዲሲና ከቨርጂኒያ ተነስታችሁ ዌስት ቨርጂኒያ ሰሚት ፖይንት የመኪና ውድድር ሜዳ ላይ ለመንዳት የምትሄዱ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ሰሞኑን ማደያ ላይ አንድ ወንድማችን ጀሪካኑን ፒክአፑ ላይ እንዳለ ሲሞላ አይቼ ደነገጥኩ። ከስሩ ያለው የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ቤንዚኑ ሲቀዳ የሚጠራቀመውን ስታቲክ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እንዳይሄድ ያግደዋል፤ አፉ ላይ ለሚወጣው ትነት ደግሞ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። መሬት ላይ አውርዱት፣ የማደያውን ጎማ ጫፍ ከጀሪካኑ አፍ ጋር እንዳስነካችሁ ቀስ ብላችሁ ሙሉ። እስከ አፉ አታድርሱት፤ ቤንዚን ሲሞቅ መጠኑ ስለሚጨምር ከላይ ክፍት ቦታ ይፈልጋል።

ስትገዙ ቀዩን ያዙ፤ ቢጫው የናፍጣ ነው። የውሃ ወይም የዘይት ጀሪካን ፈጽሞ አይሆንም። አዲሱን ከፍታችሁ ብታዩት አፉ ላይ ትንሽ ወንፊት አለ፤ እሳት ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከላከለው እሱ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። “ቶሎ አይቀዳልኝም” ብሎ የሚነቅለው ሰው አለ፤ እባካችሁ አትንቀሉት። ባለ 5 ጋሎኑ ሲሞላ ቤንዚኑ ብቻ 14 ኪሎ አካባቢ ስለሚመዝን፣ እኔ ሁለት ትንንሽ መያዝ ይሻላል እላለሁ፤ ከባዱን አንስቶ ሲቀዱ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ይፈሳል።

ሜዳው ላይ ከዙር እንደተመለሳችሁ አትቅዱ። ሞተሩን አጥፉ፣ ጭስ ማውጫውና ፍሬኑ ይብረድ፣ እሳት ማጥፊያውንም አጠገባችሁ አድርጉ። ባዶው ጀሪካን ውስጥም ትነት ስለሚቀር ክዳኑን አጥብቃችሁ ጥላ ስር አስቀምጡት።