ከእንጨት ኢታኖል ለማውጣት ሊግኒንን እንዴት እናልፈዋለን?

እንጨት ውስጥ ስኳር አለ፣ ያውም ብዙ። ከደረቅ እንጨት ክብደት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስ ደግሞ ግሉኮስ ተቀጣጥሎ የተሠራ ሰንሰለት ነው። ታዲያ ሰንሰለቱን በኢንዛይም ቆራርጦ ለእርሾ መስጠት ምን ያስቸግራል? ሊግኒን ነዋ! ዛፉን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመውና ከተባይ የሚጠብቀው ይሄ ሙጫ መሰል ነገር የእኛንም ኢንዛይም አላስገባም ይላል።

መጀመሪያ እንጨታችሁን እወቁ። ጥድና መሰሎቹ ብዙውን ጊዜ ከክብደታቸው ሩብ ወይም ከዚያ በላይ ሊግኒን ነው። ከመጠኑ ይልቅ ግን ዓይነቱን እዩ። የጥድ ሊግኒን ውስጥ በካርቦንና በካርቦን መካከል ያሉ ጠንካራ ማያያዣዎች በዛ ይላሉ። እንደ ፖፕላርና ባህር ዛፍ ያሉት ላይ ግን በኦክስጅን በኩል የተያያዘው ስለሚበዛ ቶሎ ይፈታል። ምርጫ ካላችሁ ጥዱን ተዉት። መጠኑን ለመለካት ላብራቶሪ ውስጥ 72 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ይጠቀማሉ፤ በኋላ አቅጥነው ሲያፈሉት ስኳሩ ይሟሟል፣ ሳይሟሟ የሚቀረው በአብዛኛው ሊግኒን ነው።

ቀጥሎ እንጨቱን ሰባብሩት። ዱቄት ማድረግ አያስፈልግም፣ መብራት መፍጀት ነው።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። የተሰባበረው እንጨት በታፈነ ዕቃ ውስጥ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ በሚደርስ እንፋሎት ለጥቂት ደቂቃ ይቆይና ግፊቱ በአንዴ ይለቀቃል (ይሄ የፋብሪካ ሥራ ነው፣ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት)። ቃጫው ይበታተናል። ሊግኒኑ ግን የትም አልሄደም! በሙቀቱ እንደ ሰም ይለሰልስና ቦታ ይቀይራል፣ ሲበርድ ደግሞ ቃጫው ላይ ተመልሶ ጠብ ጠብ ብሎ ይደርቃል። ቢሆንም ቀዳዳ ስለተከፈተ ኢንዛይሙ መግባት ይችላል። ጭራሽ ይውጣልኝ ካላችሁ ኮስቲክ ሶዳ ወይም የሞቀ የኢታኖልና የውሃ ድብልቅ ያሟሟዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ሙቀት ሲጨመር ሥራው የሚፋጠን ይመስለዋል፣ ነገር ግን ሙቀቱ ሲበዛ ከሄሚሴሉሎስ (ከሴሉሎስ ሌላ እንጨቱ ውስጥ ያለ የስኳር ሰንሰለት) የወጣው ስኳር ፉርፉራል ወደሚባል ኬሚካል ይቀየራል፣ ያ ደግሞ ለእርሾ መርዝ ነው።

ከዚያ በውሃ እጠቡት። ከሊግኒን ተቆርሰው የቀሩት ፌኖል የሚባሉ ቁርጥራጮች ኢንዛይሙንም እርሾውንም ያዳክማሉ።

ኢንዛይሙን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 5 አካባቢ፣ 50 ዲግሪ ላይ ጨምሩ። ሊግኒን ሌላም አመል አለው፦ ኢንዛይሙን በላዩ ላይ ይለጥፍና አይለቅም። ውድ ኢንዛይም እንደዚህ ሲባክን ያናድዳል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ትዊን የሚባለውን ሳሙና መሰል ነገር ወይም ርካሽ ፕሮቲን ቀድሞ መጨመር። ሊግኒኑ በሱ ሲጠመድ ኢንዛይሙ ሥራውን ይሠራል።

የወጣውን ስኳር ለእርሾ ስጡ። ከ1 ኪሎ ግሉኮስ ቢበዛ 510 ግራም ኢታኖል ይገኛል፣ ከዚያ በላይ ኬሚስትሪው አይፈቅድም። ተራ እርሾ ከሄሚሴሉሎስ የሚወጣውን ዛይሎስ የሚባል ስኳር እንደማይነካም አትርሱ።

መጨረሻ ላይ ኢታኖሉ ሲነጠር ሥር የሚቀረውን ጥቁር አተላ እንዳትደፉት። አብዛኛው ሊግኒን ነው፣ ኪሎ በኪሎ ሲነጻጸር ከሴሉሎስ የበለጠ ሙቀት ይሰጣል። ለእንፋሎቱም ለማንጠሪያውም የሚሆን እሳት ከዚያው ይገኛል። ብቻ በደንብ ጨምቁትና አድርቁት፤ እርጥቡን ከማገዳችሁት ትርፉ ጭስ ነው።