የመጀመሪያ ስፖርት ሞተር እንዴት ይመረጣል? መጀመሪያ ጠመኔ ያዙ

እዚህ ሀዋሳ ሰፈራችን ያለ አንድ ወጣት በቀደም ስልኩን ይዞ መጣ። ስክሪኑ ላይ ያማሃ አር6 የሚባል ሰማያዊ ስፖርት ሞተር ተደቅኗል። «ጋሼ፣ ሰውዬው ዋጋ ቀንሶልኛል። ልግዛው?» አለኝ። እስካሁን የነዳው የአጎቱን ቦክሰር ሞተር ብቻ ነው። እሱንም ከአቶቴ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አሞራ ገደል።

«ቦክሰሩን እግርህን ሳታወርድ በስንት ሜትር ስፋት ውስጥ ታዞረዋለህ?» ስለው ሳቀ። የቀለድኩ መሰለው።

አልቀለድኩም። ስፖርት ሞተር የሚገዛ ሰው ሁሉ «ስንት ይሄዳል?» ብሎ ይጠይቃል። ሀዋሳ ውስጥ ግን ሞተሩ የሚፈትናችሁ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። ከፊት ባጃጅ ድንገት ይቆማል፣ ከጎን ብስክሌት ይገባል፣ ከኋላ አይሱዙ ጥሩምባ ይነፋል። እዚያ ላይ እጃችሁ ካልታዘዘ በ100 አይታዘዝም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ራሳችሁን ፈትኑ፣ ቀጥሎ መንገዳችሁን አስቡ። ሞተሩ የሚመጣው ሦስተኛ ላይ ነው።

1. በሰው ትንሽ ሞተር ራሳችሁን ፈትኑ

መንጃ ፈቃድ ከሌላችሁ ይህን ጽሑፍ አቆዩት፤ መጀመሪያ ማሠልጠኛ ግቡ። ካላችሁ ግን 100 ወይም 150 ሲሲ ሞተር ተዋሱ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሰውም መኪናም የማይበዛበት ደረቅ አስፋልት ፈልጉ። ሄልሜት፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ አድርጉ። ጠመኔም ያዙ።

በ6 ሜትር ርቀት ሁለት ትይዩ መስመር አስምሩ። በመካከላቸው እግር ሳታወርዱ ዙሩ፤ በግራም በቀኝም። ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዛችሁ፣ የኋላ ፍሬኑን ትንሽ እየነካችሁ ነው የሚዞረው። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ዓይኑን የፊት ጎማው ላይ ስለሚተክል ነው። አንገታችሁን አዙራችሁ መድረሻችሁን እዩ፤ ሞተሩ ይከተላል። መጀመሪያ ላይ አስማት ይመስላል።

ቀጥሎ 20 ሜትር ለኩና በተቻለ መጠን ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ከ12 ሰከንድ በላይ ከቆያችሁ ጎበዝ ናችሁ። የዘገየ የሚያሸንፍበት ውድድር ነው።

ሦስተኛው የፍሬን ፈተና ነው። በ40 መጥታችሁ የጠመኔው መስመር ላይ ስትደርሱ ሁለቱንም ፍሬን ያዙ። የተለማመደ ሰው በደረቅ አስፋልት ወደ 10 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል፤ ይህ በእርምጃ 13 አካባቢ ነው። 20 እርምጃ ከሄዳችሁ ምናልባት የያዛችሁት የኋላውን ብቻ ነው። ፍሬን ሲያዝ አብዛኛው ክብደት ወደ ፊት ይመጣል፣ የፊት ጎማው አስፋልቱን ይነክሳል፤ ስለዚህ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ግን ሎሚ እንደመጭመቅ፣ ቀስ እያላችሁ እያጠበቃችሁ። ድንገት ከጨበጣችሁት ጎማው ይቆለፋል።

ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። የመጀመሪያ ሞተሬን በገዛሁ በሳምንቱ ሐይቁ ዳር ለማቆም እየዞርኩ ነበር። መሪው ተጠምዟል፣ ከሥር አሸዋ አለ፣ እኔ የፊት ፍሬኑን ጨብጥ አደረግሁት። ሞተሩ በሰው እርምጃ ፍጥነት ጎኑን ተኛ። የፍሬን እጀታው ለሁለት ተሰበረ። ዓሣ ሲበሉ የነበሩ ልጆች መጥተው አነሡልኝ፤ አንዱ ግን ሳቁን መያዝ አቅቶት ዞር አለ። ያ የ150 ሲሲ ፍሬን ነው። የ600 ሲሲ ስፖርት ሞተር ፊት ላይ ሁለት ዲስክ አለው፣ በአንድ ጣት ይነክሳል።

የመጨረሻው ፈተና ማምለጥ ነው። በ40 እየሄዳችሁ ጉድጓድ እንዳለ አስቡና በቀኝ በኩል እለፉ። ወደ ቀኝ ለመሄድ የቀኙን እጀታ ወደ ፊት ትገፋላችሁ። ግራ ያጋባል፣ ግን ሞተር በፍጥነት የሚዞረው እንዲህ ነው። ለዓመታት ነድተው ይህን በስሜት እንጂ በእውቀት የማያደርጉ አሉ፤ ሲደነግጡ ይጠፋባቸዋል።

ከአራቱ ሁለቱ ካቃታችሁ ለጊዜው ባላችሁበት ትንሽ ሞተር ቆዩ። አራቱንም ያለ ጭንቀት ከሠራችሁ ወደሚቀጥለው እንለፍ።

2. የት እንደምትነዱ በሐቅ ተናገሩ

ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ፍቅር ሐይቅ ብቻ ከሆነ መንገዳችሁ ሜዳ ነው፤ 150 ሲሲም ይበዛል። በጥቁር ውሃ ወጥታችሁ ሻሸመኔ የምትመላለሱ ከሆነ ወይም ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዶ ገነት መውጣት ካማራችሁ ትንሽ ጉልበት ያስፈልጋል። ግን እዚያ መንገድ ላይ ጋሪ አለ፣ ከብት አለ፣ ያለ ምልክት የተሠራ የፍጥነት መቀነሻ አለ። በ60 ስትሄዱ አይታችሁ፣ ፍሬን ይዛችሁ እስክትቆሙ 37 ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ። በ120 ከ110 ሜትር ያልፋል። ይህ ከኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል። አህያዋ ደግሞ አትጠብቅም።

ሌላ ጥያቄ፦ ከኋላ ማን ይቀመጣል? የስፖርት ሞተር የኋላ ሴላ ለጌጥ ያህል ነው። ባለቤታችሁን ገበያ የምታደርሱበት ከሆነ ትዳራችሁን አትፈትኑ። ተራ መቀመጫ ያለው አፓቼ ወይም ፑልሳር ይሻላል።

3. ሲሲውን ትታችሁ የፈረስ ጉልበቱን እዩ

እኛ ጋ ሰው ሞተርን በሲሲ ይጠራል። ሲሲ ግን የሲሊንደሩን ይዘት እንጂ ሁሉን አይናገርም። ቦክሰር 150 ወደ 12 የፈረስ ጉልበት አለው። ያማሃ አር15 በዚያው ሲሲ አካባቢ ሆኖ 18 ገደማ ያወጣል። ፑልሳር አርኤስ200 ደግሞ 24 አካባቢ። (ፑልሳርንም ቦክሰርንም የሚሠራው ባለ ሦስት እግሩን ባጃጅ የሚሠራው የሕንዱ ኩባንያ ራሱ ነው፤ መለዋወጫውና ባለሙያው በቀላሉ የሚገኘውም ለዚህ ነው።)

ከዚህ ቀጥሎ ያማሃ አር3፣ ካዋሳኪ ኒንጃ 400፣ ኬቲኤም አርሲ 390 አሉ። እነዚህ ከ42 እስከ 48 ባለው መካከል ናቸው። ከዚያ ድንገት ዝላይ አለ። የጎረቤቴ ልጅ ያሳየኝ አር6 ሲሲው 599 ብቻ ነው፣ ጉልበቱ ግን ወደ 120 ይጠጋል። የቦክሰሩ አሥር እጥፍ ማለት ነው። በማርሽ 1 ብቻ 100 ኪሎ ሜትርን ያልፋል። ደግሞ ጉልበቱ ከላይ ነው የተቀመጠው፤ ሲነሣ የዋህ ይመስላል፣ ሞተሩ መጮህ ሲጀምር ግን ከሥራችሁ ያመልጣል። ለጀማሪ አደገኛ ያደረገው ይህ ጠባዩ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ሀገሮች 18 ዓመት የሞላው ጀማሪ የሚያገኘው ኤ2 የሚባል ፈቃድ 35 ኪሎ ዋት ላይ ይገደባል፤ 47 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ ሁለት ዓመት ይጠብቃል። ይህን ልክ እኔም እቀበለዋለሁ። ፈተናውን አልፋችሁ ከአንድ ዓመት በታች ከነዳችሁ ከ15 እስከ 25 የፈረስ ጉልበት። ዓመት ከሞላችሁና ከከተማ ውጭ ከነዳችሁ እስከ 47። 600 ሲሲ ለመጀመሪያ ስፖርት ሞተር አይሆንም። እዚህ ላይ አልደራደርም።

«ሀዋሳ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሞተሩ ይደክማል፣ ስለዚህ ከፍ ያለውን ግዛ» የሚል ሻጭ ይገጥማችኋል። ግማሹ እውነት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ግን ክብደቱም አይቀንስም፣ ፍሬኑም አይለዝብም። 120 የነበረው 100 ቢሆን ለጀማሪ ምን ለውጥ አለው?

4. ተቀመጡበት፣ ግፉት፣ አዙሩት

ፎቶ አይበቃም። የአር3 ሴላ ከመሬት 78 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የአር6 85። ልዩነቱ አራት ጣት ያህል ነው፤ ግን መብራት ላይ ስትቆሙ በሙሉ እግር መርገጥና በአውራ ጣት መንጠልጠል ማለት ነው። ክብደታቸውም 169 እና 190 ኪሎ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከማቆሚያው አንሡት፣ ወደ ኋላ ግፉት፣ ትንሽ ዳገት ላይ አውጡት። ይህን ብቻችሁን ካቃታችሁ ለእናንተ አይደለም።

ከዚያ አሥር ደቂቃ ተቀመጡበት። መሪው ዝቅ ያለ ስለሆነ የሰውነታችሁ ክብደት የእጅ አንጓችሁ ላይ ያርፋል። ታንኩን በጉልበታችሁ ጨምቃችሁ ያዙ፣ ክንዳችሁን ልቀቁት። ያም ሆኖ ካመማችሁ ከተማ ውስጥ ታለቅሳላችሁ። መሪውን እስከ ጥግ ጠምዝዙትም፦ የስፖርት ሞተር መሪ እንደ ቦክሰሩ ብዙ አይጠመዘዝም። ያቺ 6 ሜትር አሁን ጠበበች። ቦክሰሩን ያላዞረባት ሰው እዚህ ላይ ምን ሊያደርግ ነው?

የመጀመሪያችሁ ከሆነ ኤቢኤስ ያለውን ምረጡ። ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ ጎማ እንዳይቆለፍ ያድናል፤ ተጋድማችሁ ስትዞሩ ግን ተአምር አትጠብቁበት።

5. ያገለገለ ከሆነ

ከመነሣቱ በፊት ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት። ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶታል፤ በቀዝቃዛው የማይነሣ ሊሆን ይችላል። ሌላ ቀን በጠዋት እንደምትመጡ ንገሩት፣ ሳይነካ እንዲቆይላችሁ።

የፊት ሾክአብዞርበሩን ተጫኑና ዘንጉን በጣታችሁ ዳብሱ፤ ዘይት ካለ ዘይቱን የሚያግደው የውስጥ ላስቲክ ሄዷል። ሰንሰለቱን ከኋላው ጥርስ ላይ ወደ ኋላ ሳቡት፤ ከጥርሱ ተላቆ ክፍተት ከታየ አልቋል። መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥግ ወስዳችሁ የሚያርፍበትን ብረት እዩ። እዚያ የተቀጠቀጠ ወይም አዲስ የተበየደ ነገር ካለ ሞተሩ በደንብ ወድቋል፤ ፕላስቲኩ የቱንም ያህል ቢያበራ ተዉት።

የጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ። 1521 ካለ በፈረንጆቹ 2021 በ15ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አንድ ሻጭ በ14 የሚያልቅ ቁጥር አሳይቶኝ «የ2014 ነው፣ ገና አዲስ» ብሎኛል። በእኛ ቢሆን እሺ። የፈረንጆቹ 2014 ግን የእኛ 2006 ነው። ከስድስት ዓመት በላይ የሆነው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳ ላስቲኩ ደርቋል፤ በክረምት ጎዳና ላይ ሳሙና ይሆናል።

ሊብሬውን ተቀብላችሁ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ። የሻንሲው ብዙ ጊዜ መሪው ሥር አንገቱ ላይ ነው፤ መሪውን ስትጠመዝዙ ይታያል። አንዲት አሃዝ ከተፋቀች ሻይ ጠጥታችሁ ተሰናበቱ።

6. ከገንዘባችሁ ላይ አስቀሩ

ያላችሁን ሁሉ ሞተሩ ላይ አታፍስሱ። ሄልሜት፣ ጃኬት፣ ጓንት፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ ቦሎ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ መካኒካችሁ ጋ ሄዳችሁ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን እጀታና የፊት ፕላስቲክ የት እንደሚገኝ ጠይቁ። የመጀመሪያ ሞተር ሳይወድቅ አይቀርም። የአፓቼው እጀታ እዚሁ ይገኛል፤ ለብርቁ ሞተር ግን ሰው ከውጭ እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ።

የጎረቤቴ ልጅ አር6ቱን እስካሁን አልገዛም። ሻጩ እየደወለ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ጠመኔ ይዞ የአጎቱን ቦክሰር ሲያስነሣ ሰማሁት። የመጀመሪያ ቀን 9 ሜትር ወሰደበት፣ ሁለት ጊዜም እግሩን አወረደ። ባለፈው እሁድ በግራ በኩል 6 ሜትር ከሃያ ደርሷል። በቀኝ ገና ነው።