አካል ጉዳተኛ ጎረቤት ሲኖረን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ መንግሥት ይሄዳል። ሕጉስ አለ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጁ በ2000 ዓ.ም.፣ የሕንፃ አዋጁ በ2001 ዓ.ም. ወጥተዋል። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 19 በማኅበረሰብ ውስጥ ተካትቶ ስለ መኖር ይናገራል። እሱ ግን በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ብቻ የሚፈጸም ነገር አይደለም። የሚፈጸመውም የሚፈርሰውም በእድር፣ በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በኮንዶሚኒየም ስብሰባ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ባለሥልጣኖቹ እኛው ነን።

ከታች ያሉትን ስህተቶች የምንሠራቸው አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይደለም። በደግነት የሚሠሩት እንዲያውም ይበዛሉ። ለማረምም የሚያስቸግሩት እነሱ ናቸው።

"እኛ ሰፈር አካል ጉዳተኛ የለም"

የሌሎቹ ሁሉ ምንጭ ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ ጉልህ የአካል ጉዳት አለበት ይላል። ወደ 1.3 ቢሊዮን ሕዝብ ማለት ነው። ታዲያ መቶ አባወራ ያለው እድር ውስጥ አንድም ሰው አይኖርም?

አሉ። አይታዩም እንጂ። አንዷ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ሊፍት የለም፣ ለአንድ ሰዓት ስብሰባ ያን ሁሉ ደረጃ ወርዳ መውጣት አትችልም። ሌላው ጆሯቸው እየከበደ የመጣ አባት ናቸው። የሚባለው ስለማይሰማቸው መምጣት ትተዋል፤ እኛ ግን "እርጅና ነው" ብለን አልፈነዋል። አንዱ ደግሞ ከጓዳ የማይወጣ ልጅ ነው።

ስለዚህ ልጅ ትንሽ ላቆያችሁ። ኦቲዝም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ያላት እናት በሩን የምትዘጋው ልጇን ስለማትወደው አይደለም። የጎረቤትን ዓይን ስለምትፈራ ነው። "ምን ሠርተው ይሆን?" የሚለውን ሹክሹክታ ሰምታለች። ልጇ ልደት ላይ ሳይጠራ ሲቀርም አይታለች። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት አጥተው ነው እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት። እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስም ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳይደብቁ ሲወተውቱ ኖረዋል። የጎረቤት ድርሻ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ልጁን በስሙ መጥራት። ልደት ላይ መጥራት። ሲጮህ ወይም ሲሮጥ እናቱን በዓይን አለመውጋት። ለራሳችን ልጆችም "ዝም በሉ፣ እንዳታዩት" ከማለት "ሂዱ አብራችሁ ተጫወቱ" ማለት። ጠበል ውሰጂው የሚል ምክር ከእምነታችን የሚመጣ ነው፣ መብታችን ነው። ግን ምክሩ ትምህርት ቤቱን ካስቀረ ልጁን ጎድተነዋል።

"አንተ አትልፋ፣ ቁጭ በል"

ይህን በእያንዳንዱ እድር ሰምቼዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንም። በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

እድር ገንዘብ ማዋጣት ብቻ አይደለም። ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይወጣል፣ ለቅሶ ቤት ይታደራል፣ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ሰው አባል የሚሆነው በዚህ ሁሉ ውስጥ ሲገባ ነው። ታዲያ ዊልቸር የሚጠቀም አባል ሲመጣ ኮሚቴው አዝኖለት "አንተ ከሥራው ነፃ ነህ" ይለዋል። ከቅጣቱም ነፃ ነው። ከዚያ ስሙ መጠራቱ ይቀራል። ከዚያ መምጣቱና አለመምጣቱ ልዩነት አይኖረውም። አንድ ቀን ለዳኝነት ወይም ለጸሐፊነት ሰው ሲመረጥ ማንም አያስበውም። ምን ሠርቶ ያውቃል? ምንም። ማን ከለከለው? እኛ።

የሰው ክብር ያለው በመቀበል ብቻ ሳይሆን በመስጠትም ነው። ሁልጊዜ እርዳታ ተቀባይ እንጂ ሰጪ ያልሆነ ተደርጎ የተቀመጠ ሰው ደጋግመን ብንጠይቀውም እንግዳ ሆኖ ነው የሚቀረው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ምድቡን ማስተካከል ነው። ዊልቸር የሚጠቀመው ሂሳብ ይያዝ፣ ደረሰኝ ይቁረጥ፣ ንብረት ይቆጣጠር። ዓይነ ስውሯ አባል የለቅሶ ጥሪውን በስልክ ታስተላልፍ፤ ስልኳ የተጻፈውን በድምፅ ያነብላታል። መስማት የተሳነው ጎረቤት ድንኳን ለመትከል ምን ያንሰዋል? የሚያንሰው አንድ ነገር ነው፤ ለቅሶ መኖሩን የሚነግረው ሰው። ጡሩምባው ለሱ አይሰማም፣ የስልክ ጥሪውም እንደዚሁ። የጽሑፍ መልእክት ይበቃዋል።

የሥራ ስምሪት አዋጁ፣ ቁጥር 568/2000፣ ለአሠሪዎች ያስቀመጠው ግዴታ ይኸው ነው። አሠሪው የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛው ያመቻቻል፣ ሲያስፈልግም ረዳት ይመድብለታል። እድር አሠሪ አይደለም፣ አዋጁም አያስገድደው ይሆናል። ሐሳቡ ግን ለእድርም ይሠራል።

መዋጮን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ አካል ጉዳተኞች ሥራ ስለሚነፈጉ በእርግጥ ይቸገራሉ። መዋጮ መቀነስ ካስፈለገ ለተቸገረ አባል ሁሉ በአንድ መስፈርት ይቀነስ። እግሩን ስላየን ብቻ ገቢው ከኛ የሚበልጥን ሰው "አትክፈል" ማለት ግን ውለታ አይሆንም።

"ስሙ ማነው?"

ሰውየው ዓይነ ስውር ነው። አጠገባችሁ ቆሟል። ጥያቄው ግን አብራው ለመጣችው እህቱ ነው የሚቀርበው። "ስሙ ማነው? ሻይ ይጠጣል? ስንት ዓመቱ ነው?" ቤት ውስጥም፣ ሱቅም፣ ክሊኒክም ይሄው ነው። በዕድሜ የገፋን ሰው አንቱ የምንል ሰዎች፣ አካል ጉዳተኛ ሲሆን አንተ እያልን እንደ ልጅ እናባብላለን።

በቀጥታ አናግሩት። ዊልቸር ላይ ካለ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ እንዳይቆይ። ዓይነ ስውር ከሆነ ስትገቡ ማንነታችሁን ተናገሩ፣ ስትሄዱም ንገሩት፤ ባዶ ወንበር ሲያናግር መቆየት ያሸማቅቃል። ማዕድ ላይ ወጦቹ የት የት እንዳሉ ንገሩት። "ዶሮው ከፊትህ፣ አይቡ በቀኝህ" ብትሉት ይበቃል። ጉርሻው ለፍቅር ይሁን፣ ራሱ መብላት እንደማይችል ተቆጥሮ ግን አይሁን።

መንገድ ሲሻገር ክንዱን ይዞ መጎተትም እዚሁ ይካተታል። ጠይቁ፣ እሺ ካለ ክርናችሁን ስጡት፣ እሱ ይያዛችሁ። ዊልቸርም ሳይጠይቁ አይገፋም። ባለቤቱ ሳይዘጋጅ ከኋላ የተገፋ ዊልቸር ሰው ይጥላል።

"እሱ ስለማያይ ወንድሙ ይፈርምለት"

የእድር ቅጽ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የእቁብ ዋስትና ሲሞላ ይህ ይመጣል። ብዙ ሰው ዓይነ ስውር መፈረም አይችልም ብሎ ያምናል፤ ሕጉ ነው የሚልም አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 የሚለው ግን ሌላ ነው። ዓይነ ስውር ሰው የፈረመው ፊርማ በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። እንዳይታለል የገባ ጥበቃ ነው። ፊርማውን ለወንድሙ አልሰጠበትም።

ስለዚህ ከባድ ውል ሲሆን ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ መሄድ ነው። ለቀላሉ የእድር ቅጽ ግን ጽሑፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡለት፣ ወይም ቀድማችሁ በስልኩ ላኩለት። ወንድሙ ምስክር ይሁን እንጂ ባለጉዳይ አይሁን።

"እንካ፣ ለሻይ"

አንድ የማውቀው ሰው መምህር ነው። ጠዋት ዊልቸሩ ላይ ሆኖ ትራንስፖርት ሲጠብቅ ሰዎች ጭኑ ላይ ሳንቲም ይጥሉለታል። ተማሪዎቹ እያዩት። መስጠት መልካም ነው፣ ባህላችንም ነው። ግን ያልለመነን ሰው መመጽወት ያዋርዳል።

የዚህ ሌላው ገጽ ከልክ ያለፈ አድናቆት ነው። ዳቦ ገዝቶ የተመለሰን ሰው "ጀግና ነህ!" ማለት። ጀግና የሚባል ሥራ አለ። ትዕግሥት ገዛኸኝ በቶኪዮ ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር ሮጣ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አምጥታለች። ለሷ እናጨብጭብ። ዳቦ የገዛውን ግን "ደህና አደርክ" ብሎ ማለፍ ይሻላል።

"ጮክ ብለህ ንገረው"

መስማት ለተሳነው ሰው መጮህ አይጠቅመውም። ፊቱ ላይ መጮህ ደግሞ ያስቆጣል። የሚጠቅመው ፊት ለፊት ሆኖ በተረጋጋ አነጋገር ማውራት፣ በስልክ ላይ መጻፍ፣ ከተቻለም ጥቂት ምልክቶችን መማር ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ የጣት ፊደል አለው። የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ይነግራል፤ ግዕዝ ይሁን ካዕብ ወይም ሣልስ፣ ሰባቱን የሚለየው የእጁ እንቅስቃሴ ነው። ሀ ሁን ለሚያውቅ ሰው ስሙን በጣት መጻፍ መማር ብዙ አይከብድም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በቋንቋው በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል፤ ስለዚህ አስተርጓሚ ሲያስፈልግ የሚጠየቅ ባለሙያ አለ። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርም መነሻ ይሆናል።

የሚረሳ ቦታ አለ። ቀብር። የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሁሉም ያለቅሳል፣ መስማት የተሳነው ልጅ ግን ስለ ገዛ እናቱ ምን እንደተባለ ሳያውቅ ቆሞ ይቀራል። የሚነበበው ወረቀት ላይ ነው። አንድ ቅጂ አስቀድሞ ይሰጠው።

ትንንሽ ልጆቹን አስተርጓሚ ማድረግንም ተዉት። የእድር ክርክርን፣ የአባትን ዕዳ፣ የሐኪም ውጤትን አንድ የአሥር ዓመት ልጅ መሸከም የለበትም።

"ራምፕ ሠርተናል እኮ"

የሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 624/2001፣ አንቀጽ 36፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። ብዙ ሕንፃዎች ታዲያ ደረጃው ጎን ላይ ሲሚንቶ አፍስሰው ራምፕ፣ ማለትም የዊልቸር መውጫ ተዳፋት፣ ብለውታል። ሕፃናት የሚንሸራተቱበት ዓይነት ነው። ጎበዝ ጎረምሳ እንኳ ዊልቸር ገፍቶ አይወጣውም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የተለመደው ልክ 1 ለ12 ነው፤ አንድ ሜትር ከፍ ለማለት የ12 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲሜትር የሆኑ ሦስት እርከኖች 45 ሳንቲሜትር ናቸው። ስለዚህ ራምፑ 5 ሜትር ከ40 ያህል መርዘም አለበት። ግቢው ካልበቃ ታጥፎ ይሠራል። ከላይ በር ሲደርስ መቆሚያ ሜዳ ይኑረው፣ ተዳፋት ላይ ሆኖ በር መክፈት አይቻልም። የሽንት ቤቱ በር ከጠበበም ሕንፃው ውስጥ መግባቱ ብቻ ዋጋ የለውም። አዳዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ላይ ለዓይነ ስውራን የተነጠፈው ሸካራ ቢጫ መስመርም እንዲሁ ነው፤ ሞተር ከቆመበት ወይም የሱቅ ዕቃ ከተደረደረበት ሰውየውን ወደ ዕንቅፋት ይመራዋል።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ሳይጠይቁ ከመሥራት ነው። ሲሚንቶው ከመቦካቱ በፊት ዊልቸር የምትጠቀመውን ጎረቤት ጠርቶ ቦታውን ማሳየት ነው። ስለ በሩ፣ ስለ መታጠፊያው፣ ስለ ዝናብ ውኃው ከማንኛውም ግንበኛ የበለጠ ታውቃለች። ኮሚቴው ውስጥ ብትገባ ደግሞ የተሻለ ነው።

ለራምፕ ገንዘብ ከሌለም ስብሰባው ፎቅ ላይ መሆኑ ይቅር። የእድሩ ድንኳን አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ግቢው አለ። የሚቀጥለውን ስብሰባ ምድር ላይ አድርጉት፣ ጥሪውንም በጽሑፍ ላኩ፣ ስም ሲጠራ የሁሉም ስም ይጠራ።