የተዘጋን የሴቶች ኮሌጅ ታሪክ እንዴት ማጥናት ይቻላል?

በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተቋቁሞ በኋላ የተዘጋን የሴቶች ኮሌጅ ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው አስቀድሞ ማጣራት ያለበት ተቋሙ በየዘመኑ የተጠራባቸውን ስሞች ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በኦክስፎርድ ከተማ የነበረውን ዌስተርን ኮሌጅ ለምሳሌ እንውሰድ። የፕሬስቢቴሪያን አማኞች ሲያቋቁሙት ዌስተርን ፊሜል ሴሚናሪ (የሴቶች ትምህርት ቤት ማለት ነው) ይባል ስለነበር፣ በኋለኛው ስም ብቻ መዝገብ የሚያገላብጥ አጥኚ የመጀመሪያዎቹን ዐሥርት ዓመታት ሰነድ ሳያይ ያልፋል።

ቀጥሎ የምሥረታውን ዓመት ለይቶ መጻፍ ይገባል፤ ዌስተርን የመቋቋሚያ ፈቃዱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1853 ሲሆን ትምህርት የጀመረው ግን በ1855 ነው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ኮሌጁ በየዓመቱ ያሳተመው የትምህርት መግለጫ ነው። የመታሰቢያ በዓል ንግግሮች ውዳሴ ይበዛባቸዋል፤ መግለጫው ግን የክፍያውን መጠን፣ የትምህርቱን ዓይነትና የውሎውን ሥርዓት ይዘረዝራል። የመጀመሪያዋ ርእሰ መምህርት ሔለን ፒቦዲ ከማሳቹሴትሱ የሴቶች ትምህርት ቤት ከማውንት ሆልዮክ ይዘውት በመጡት ሥርዓት መሠረት፣ ተማሪዎቹ ምግብ ማብሰሉንና ቤት ማጽዳቱን ራሳቸው ይሠሩ ነበር፤ ክፍያው ዝቅ ሊል የቻለውም በዚሁ ነው። እንዲህ ያለው ዝርዝር ስለ ተማሪዎቹ ኑሮ ከማንኛውም ንግግር ይልቅ ይናገራል።

ዋናው ሕንፃ በ1860 እና በ1871 በእሳት ስለወደመ፣ የጎደለውን ከከተማው ጋዜጦች፣ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ቃለ ጉባኤዎችና ተማሪዎች ለቤተሰብ ከጻፏቸው ደብዳቤዎች መፈለግ ይበጃል።

ስመ ጥር ክስተት ሲያጋጥም የኮሌጁን ድርሻ መመጠን ያስፈልጋል። በሰኔ 1964 በሚሲሲፒ ጥቁሮችን ለመራጭነት ለማስመዝገብ የሚዘምቱ በጎ ፈቃደኞች የሠለጠኑት በዚሁ ግቢ ሲሆን፣ በዚያው ወር ሚሲሲፒ ውስጥ የተገደሉት የሲቪል መብት ታጋዮች ቼኒ፣ ጉድማንና ሽዌርነርም ከዚያ የተነሡ ነበሩ። ዘመቻውን ያደራጁት የሲቪል መብት ድርጅቶች ናቸው፤ ኮሌጁ አስተናጋጅ ነበር፤ ይህም ቢሆን በጊዜው ድፍረት የሚጠይቅ ነበር።

ለመዘጋቱ ምክንያት «ዘመኑ ተለወጠ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የቦርዱን ቃለ ጉባኤ፣ የሒሳብ ሪፖርቱንና የተመዝጋቢዎችን ቁጥር ዓመት በዓመት ማስተያየት ይገባል። በ1974 ግቢውን የተረከበው ጎረቤቱ ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ፣ ፍለጋው መጀመር ያለበት ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት ነው።