ለመካከለኛ ካሊበር የአደን ጠመንጃ የአረር ክብደት አመራረጥ

ከሱሉልታ ወይም ከሰበታ ተነሥቶ ወደ ባሌ ተራሮች ለመውጣት ወይም ወደ ኦሞ ሸለቆ ለመውረድ የሚሰናዳ አዳኝ፣ ጥይት ከመግዛቱ በፊት የአደን ፈቃዱን ዘርግቶ ማንበብ አለበት። የአረሩን፣ ማለትም ከጥይቱ ተወንጭፎ የሚሄደውን ክፍል፣ ክብደት የሚወስነው በፈቃዱ ላይ ከተጻፉት እንስሳት መካከል ትልቁ ነውና።

ቀጥሎ ጠመንጃው ለየትኛው ክብደት እንደታሰበ ይወቁ። በርሊናዊው ጠመንጃ ሠሪ ኦቶ ቦክ እ.ኤ.አ. በ1905 ያወጣው 9.3 በ62 ማውዘር የተባለው የጥይት ዓይነት በ286 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው)፣ ማለትም በ18.5 ግራም አረር ስሙን ያተረፈ ሲሆን፣ በ1912 የወጣው ሌላው የጥይት ዓይነት፣ 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ማግነም ደግሞ በ235፣ በ270 እና በ300 ግሬን ይታወቃል። ቀለሁ የሚይዘው ባሩድ የተወሰነ በመሆኑ ክብደት ሲጨምር ፍጥነት ይቀንሳል፤ 375ቱ የ270 ግሬኑን አረር በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ፣ የ300ውን ግን 770 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል። ይህ ቅናሽ ብዙ ሰው የሚፈራውን ያህል አይደለም (ካርቶኑ ላይ በጉልህ የሚታተመው ፍጥነት ገዢን ለመሳብም ጭምር ነው)፤ ውፍረታቸውና አሠራራቸው አንድ ከሆኑ አረሮች መካከል ከባዱ ረዘም ስለሚል፣ ሥጋና አጥንት አልፎ ጠልቆ የሚገባው እርሱ ነው።

ለድኩላና ለከርከሮ በ9.3ቱ 232 ግሬን ከበቂ በላይ ነው። የደጋ አጋዘን ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ግራም ሊመዝን ስለሚችልና ብዙ ጊዜም ከሸለቆ ማዶ ሆኖ ስለሚታይ፣ በ9.3ቱ 250፣ በ375ቱ 270 ግሬን ጥሩ ማስታረቂያ ይሆናል። ለጎሽ ግን ከ286 ወይም ከ300 ግሬን በታች አይውረዱ። ጫፉ ቶሎ የሚሰፋ ልል አረር ክብደቱ ትልቅ ቢሆንም የጎሽ ትከሻ ላይ ተበታትኖ ሊቀር ስለሚችል፣ አሠራሩም ጠንካራ መሆን አለበት። ፈቃዱ ጎሽንም ድኩላንም የያዘ ከሆነ፣ እኔ ለሁሉም ከባዱን ብቻ እይዝ ነበር፤ ሁለት ክብደቶች ከአንድ ጠመንጃ ሲተኮሱ የሚመቱት የተለያየ ቦታ ነው፣ ጥድፊያ ላይ ደግሞ የትኛው እንደጎረሰ ይረሳል።

ከዚያም ከመረጡት ክብደት የሁለት ወይም የሦስት ፋብሪካ ጥይት ይዘው በተፈቀደ የተኩስ መለማመጃ ቦታ፣ ጠመንጃውን አስደግፈው፣ በርሜሉን እያቀዘቀዙ በ100 ሜትር ሦስት ሦስት ይተኩሱ። ቀዳዳዎቹን አቀራርቦ የሚያሳርፈውን ይውሰዱ፤ ጠመንጃ እንደ ሰው የየራሱ ምርጫ አለው።

የአዲስ አበባ ዙሪያ ደጋ አየሩ ስስ ነው። ቆላ ሲወርዱ አየሩ ስለሚወፍር አረሩ በሩቅ ርቀት ዝቅ ሊል፣ ሙቀቱ ደግሞ የባሩዱን ግፊት ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ በ100 ሜትር ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበው መንገዱ ነው፤ የመኪናው ንጠት የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ከቦታው ስለሚያንቀሳቅሰው፣ ካምፕ እንደደረሱ በዚያው ጥይት ኢላማ ላይ ሁለት ጊዜ ተኩሰው ያረጋግጡ።