ኦፐስን ከምንጭ ኮዱ ስጭን ያጋጠመኝ ችግር

የአያቴን ተረቶች በትንሽ ቦታ ለማስቀመጥ ኦፐስ የተባለውን የድምፅ መጭመቂያ ከምንጭ ኮዱ (ፕሮግራመሮች ከጻፉት ጽሑፍ) አጠናቅሬ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ስርዓት ላይ ጫንኩት። እ.ኤ.አ. በ2012 ደረጃ የወጣለት ይህ መጭመቂያ ንግግርን በሰከንድ ከ6 ኪሎቢት ጀምሮ ይይዛል። «ኮንፊገር»፣ «ሜክ»፣ «ሱዶ ሜክ ኢንስቶል» የሚባሉት የማጠናቀሪያና የመጫኛ ትእዛዞች ሁሉም ያለ ስህተት አለፉ። ኦፐስን የሚጠቀመውን ፕሮግራሜን ሳስነሳው ግን «ሊብኦፐስ» የሚባለው የኦፐስ ፋይል አልተገኘም አለኝ። ሁለት ጊዜ እንደገና አጠናቀርኩ፤ ከንቱ ድካም ነበር። ፋይሉ እኮ «ዩኤስአር፣ ሎካል፣ ሊብ» በሚለው አቃፊ ውስጥ ቁጭ ብሏል! ችግሩ ስርዓቱ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸውን ፋይሎች የሚፈልግበት መዝገብ አለመታደሱ ነው። መዝገቡን የሚያድሰውን ትእዛዝ «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ» ብዬ ስጽፍ ፕሮግራሜ ወዲያው ተነሳ። የእናንተ ሊኑክስ ያንን አቃፊ ጨርሶ የማይፈትሽ ከሆነ፣ አስቀድማችሁ አድራሻውን «ኢቲሲ» ውስጥ ባለው «ኤልዲ ነጥብ ኤስኦ ነጥብ ኮንፍ» ፋይል ላይ ጨምሩት። አሁን የአያቴ ሳል ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማኛል።